ክብደቱ ሲቀነስ ምን ይቀራል? ስለ ስላፍኮቭስኪ ለወጣው ሐተታ የተሰጠ አስተያየት

ለተከበሩ የጋዜጣው ዋና አዘጋጅ፣

የከበረ ሰላምታዬን በማስቀደም፣ ባለፈው እትማችሁ የስፖርት ዓምድ ላይ ስለ ሞንትሪያል ካናዲያንስ ወጣት አጥቂ ስለ ዩራይ ስላፍኮቭስኪ የወጣውን ሐተታ ደጋግሜ ማንበቤን ለመግለጽ እወዳለሁ። በቋንቋችን ስለ በረዶ ሆኪ የሚጽፍ ሰው እምብዛም ስለማይገኝ፣ ጸሐፊው መድከሙ ብቻውን ያስመሰግነዋል። ሆኖም ሐተታው ልጁ በ2022 ድራፍት፣ ማለትም የሰሜን አሜሪካው ዋና የሆኪ ሊግ (ኤን ኤች ኤል) ክለቦች ወጣቶችን በየተራ በሚመርጡበት ሥነ ሥርዓት፣ ከሁሉም ቀድሞ መመረጡ ስህተት እንደነበረና ከእንግዲህም ብዙ ሊጠበቅበት እንደማይገባ አድርጎ መደምደሙን ልቀበለው አልቻልኩም። (ዓመቶቹን በሙሉ የምጽፈው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው፤ የሊጉ መዝገብ በዚያ ስለተያዘ አንባቢ እንዳይደናገር ብዬ ነው።)

ከክርክሩ በፊት አንድ እርማት አለኝ። ሐተታው ስላፍኮቭስኪ በመጀመሪያው የኤን ኤች ኤል የውድድር ዘመን 10 ጎል እንዳገባ ይገልጻል። ያገባው 4 ነው። 10 የሚለው የነጥቡ ድምር ነው፤ በሆኪ ጎሉን ያገባውም፣ ከእሱ በፊት ፐኩን (የሚጫወቱበትን ጠፍጣፋ የላስቲክ ዲስክ) ያቀበሉት እስከ ሁለት የሚደርሱ ተጫዋቾችም እያንዳንዳቸው አንድ አንድ ነጥብ ይያዝላቸዋል። ልጁ በ39 ጨዋታ 4 ጎል አግብቶ ለ6 ጎሎች አቀብሎ ነበር። ስህተቱ ከየት እንደመጣ እገምታለሁ፤ ከዚያ ቀደም ባለው ዓመት በፊንላንድ ዋና ሊግ ለቱርኩው ቲ ፒ ኤስ በ31 ጨዋታ ያገኘውም እንዲሁ 10 ነጥብ ነበር፣ 5 በማግባት 5 በማቀበል። እርማቱ የራሴን ክርክር እንደሚያዳክም አላጣሁትም፤ 4 ከ10 ያነሰ ነውና። ቢሆንም ሰው የሚመዘነው በትክክለኛው ቁጥር መሆን አለበት።

ወደ ዋናው ነገር ልመለስ። ስላፍኮቭስኪ ፓወር ፎርዋርድ የሚባለው ዓይነት አጥቂ ነው፤ ይህን በእግር ኳስ ቋንቋ ማስረዳት ትንሽ ያስቸግራል። ጀርባውን ለተከላካይ ሰጥቶ ኳስ የሚይዝ 9 ቁጥር ይቀርበዋል፤ ነገር ግን 9 ቁጥሩ ሲገፋ ፊሽካ ይነፋለታል፣ ለዚህኛው ብዙውን ጊዜ አይነፋለትም። ሥራው ፐኩን ከሜዳው አጥር ጥግ ታግሎ ማውጣት፣ ተከላካይ ከጀርባው ተንጠልጥሎ ሳለ ፐኩን አለመልቀቅ፣ ከዚያም ግብ ጠባቂው አፍንጫ ሥር ሄዶ ቆሞ ዓይኑን መጋረድ ነው፤ ይህን ሁሉ እየሠራ ደግሞ እንደ ማንኛውም አጥቂ ጎል እንዲያገባ ይጠበቅበታል። በልጅነታችን በገና ዕለት ሜዳ ወጥተን ሩር ስናሳድድ፣ ሁሉን በጉልበቱ እየገፋ የሚያልፍ አንድ ግዙፍ ልጅ ከየሰፈሩ አይጠፋም ነበር። «በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ» ተብሎ የገፋው ሁሉ ይቅር ይባልለት ነበር። ሩሯን ሲያገኛት ግን ምን እንደሚያደርጋት አያውቅም። የሆኪ መልማዮችን ዘወትር የሚያሳስታቸውም ይኸው ልጅ ነው።

እኔ የስፖርት ተንታኝ አይደለሁም። ላለፉት 14 ዓመታት ሞንትሪያል ውስጥ በአንድ የሰፈር የበረዶ ሜዳ እሠራለሁ፤ ዛምቦኒ የሚባለውን የበረዶ ማለስለሻ መኪና እነዳለሁ፣ የተቀደደ መረብ እሰፋለሁ፣ ማታ መብራት አጥፍቼ በር እዘጋለሁ። የምቆመው ከሜዳው ጥግ፣ ዛምቦኒው ከሚወጣበት በር ኋላ ነው። ቴሌቪዥን የሚያሳየው ፐኩ ያለበትን ነው፤ እኔ የማየው ጥጉን ነው፤ የእንዲህ ዓይነት አጥቂ ሕይወት ደግሞ ያለው ጥጉ ላይ ነው።

እዚያ ቆሜ ካየኋቸው ልጆች ሁለቱን ላንሳ። አንደኛው በ14 ዓመቱ ከእኔ በቁመት ይበልጥ ነበር። በየጨዋታው ሦስት አራት ጎል ያገባል፤ መንገዱ ሁልጊዜ አንድ ነው፣ በቀኝ በኩል በፍጥነት ይመጣል፣ ትከሻውን ትንሹ ልጅ ላይ ያሳርፋል፣ ያልፋል፣ ያገባል። ወላጆች ከወንበራቸው ይነሱለታል። በ16 ዓመታቸው ሌሎቹም አደጉና ትከሻው ሲያርፍባቸው አልወድቅ አሉት። ሌላ መንገድ ስላልተማረ በዚያ ዓመት ስሙ ጠፋ። ሁለተኛውም ግዙፍ ነበር፣ ጎሉ ግን ያን ያህል አልነበረም። እሱ ከልምምድ በፊት ብቻውን ቀድሞ ይገባና ፐኩን አጥሩ ላይ እየመታ ሲመለስለት አንዴ በዱላው ፊት፣ አንዴ በጀርባው፣ አንዴም በእግሩ ይቀበላል፤ በተቀበለ ቁጥር ቀና ብሎ ባዶውን ሜዳ ያያል። ባዶ ሜዳ ላይ ማንን ያይ እንደነበር ጠይቄው አላውቅም። ይህኛው እስከ ዛሬ በዩኒቨርሲቲ ደረጃ ይጫወታል።

ከእነዚህ ልጆች የተማርኩትን መለኪያ በአንድ ጥያቄ ማስቀመጥ ይቻላል፤ ከዚህ ልጅ ላይ 15 ኪሎ ብንቀንስለት ምን ይቀራል? በልጆች ሊግ ውስጥ ግዙፍነት ብድር ነው፤ ሌሎቹ ሲያድጉ ይመለሳል። ኤን ኤች ኤል ሲገባ ሁሉም ግዙፍ ነው፣ የ28ና የ30 ዓመት ተከላካዮች ደግሞ ግዙፍ ብቻ ሳይሆኑ የደነደኑ ናቸው። ስለዚህ በልጅነቱ በክብደቱ ያገባው ጎል ከመዝገቡ ላይ ተቀንሶ መታየት አለበት።

ይህን ባለማድረግ የደረሰ ኪሳራ በታሪክ አለ። በ2003 ድራፍት የኒውዮርክ ሬንጀርስ ክለብ በ12ኛ ተራ ሂው ጄሲማን የሚባል ወደ 2 ሜትር የሚጠጋ አጥቂ መረጠ። ልጁ በኤን ኤች ኤል ሕይወቱ የተጫወተው 2 ጨዋታ ብቻ ነው፣ እሱም ለሌላ ክለብ። ከእሱ ቀጥሎ በ13ኛ ተራ የተመረጠው ደግሞ ደስቲን ብራውን ነበር። ብራውን ቁመቱ ከ183 ሴንቲሜትር ገደማ አያልፍም፤ ግን ፓወር ፎርዋርድ ማለት እሱ ነበር፣ የሎስ አንጀለስ ኪንግስ አምበል ሆኖ በ2012 እና በ2014 የሊጉን ሻምፒዮንነት ማለትም የስታንሊ ዋንጫን አነሣ። ሁለቱ ስማቸው የተጠራው በአንድ ቀን፣ በደቂቃዎች ልዩነት ነው። ሬንጀርሶች ሜትሩን ይዘው ሄዱ ለማለት ይቃጣኛል።

እንግዲህ ይኸንን ጥያቄ ለስላፍኮቭስኪ እናቅርብለት። ቁመቱ ወደ 191 ሴንቲሜትር፣ ክብደቱ ከ100 ኪሎ በላይ ነው። ይሁንና ከመመረጡ በፊት የተፈተነው በልጆች መካከል አልነበረም። ሐተታው እንደ ድክመት የቆጠረበት የፊንላንዱ ዓመት 18 ዓመት ያልሞላው ልጅ ጢም ካወጡ ሰዎች ጋር የተጋፋበት ዓመት ነው፤ እዚያ ክብደቱ ምንም ብልጫ አይሰጠውም ነበር። በየካቲት 2022 ቤጂንግ ላይ በተካሄደው ኦሊምፒክ ለስሎቫኪያ 7 ጎል አገባ፣ የውድድሩ ምርጥ ተጫዋች ተባለ፣ አገሩም በሆኪ የመጀመሪያዋን የኦሊምፒክ ሜዳሊያ ስዊድንን 4 ለ 0 በማሸነፍ ወሰደች። ከአራቱ ጎሎች ሁለቱ የእሱ ነበሩ። የኤን ኤች ኤል ተጫዋቾች በዚያ ኦሊምፒክ አለመገኘታቸውን ጸሐፊው በትክክል አስታውሷል። ያላስታወሰው ነገር ግን ሜዳው ነው። አውሮፓ ውስጥ ብዙዎቹ ሜዳዎች እስከ 30 ሜትር ይሰፋሉ፤ ቤጂንግ ግን የተጫወቱት በሰሜን አሜሪካው ልክ፣ ወርዱ 26 ሜትር ገደማ በሆነ ሜዳ ላይ ነበር። ጠባብ ሜዳ ላይ ተከላካዩ ቶሎ ይደርስብሃል፣ ጥጉ ለግቡ ይቀርባል። ልጁ ጎልቶ የወጣው ነገ በሚሠራበት ዓይነት ሜዳ ላይ ነበር። በዚያው ዓመት በዓለም ሻምፒዮና በ8 ጨዋታ 9 ነጥብ ሲያገኝ ከ9ኙ 6ቱ በማቀበል የተገኙ ናቸው፤ ማቀበል ደግሞ በኪሎ አይሠራም።

የመጀመሪያው ዓመት መጥፎ እንደነበር አልክድም። አጥሩ አጠገብ ፐክ ሲደርሰው አንገቱን ደፍቶ ይፈልገው ነበር፤ አንገቱን የደፋ ሰው ደግሞ የሚመጣበትን አያይም። በተደጋጋሚ ተመታ፣ በጥር 2023 ጉልበቱን ተጎድቶ ዘመኑ በአጭር ተቋጨ። በሁለተኛው ዓመት ያየሁት ለውጥ ግን ከጎሉ በፊት የመጣ ነው። ፐኩ ወደ አጥሩ ሲላክለት ከመድረሱ በፊት አንዴ በትከሻው ላይ ዞር ብሎ ያያል። ከዚያ መቀመጫውን ወደ ተከላካዩ አስወጥቶ ጉልበቱን ያጥፋል፤ ዱላውን በአንድ እጁ ብቻ ይዞ ፐኩን ሩቅ ያደርገዋል፤ በሌላው እጁ ሰውየውን ይመዝነዋል። አንድ፣ ሁለት ትላለህ፣ ሁለተኛ ተከላካይ ሊያግዝ ይመጣል። ያን ጊዜ ነው ፐኩ ሁለተኛው ተከላካይ ጥሎት ወደመጣው ባዶ ቦታ፣ ወደ ቡድን ጓደኛው ወደ ኒክ ሱዙኪ የሚሄደው። ስላፍኮቭስኪ ቆሞ አያይም፣ ቀጥ ብሎ ግብ ጠባቂው ፊት ይሄዳል። ሌላው የቡድን ጓደኛው ኮል ኮፊልድ ሲመታና ጎል ሲሆን በመዝገብ የሚጻፈው የኮፊልድ ጎል ነው። በመካከል አንድ ተጨማሪ ቅብብል ካለ የስላፍኮቭስኪ ስም ጨርሶ ላይገባ ይችላል። ግብ ጠባቂውን መጋረድ ደግሞ በየትኛውም ዓምድ ነጥብ የለውም።

ያ ዘመን ሲያልቅ 82ቱንም ጨዋታ ተጫውቶ 20 ጎልና 50 ነጥብ ነበረው፤ ከጎሎቹ አብዛኞቹ የመጡት ከሱዙኪና ከኮፊልድ ጎን ከተሰለፈ በኋላ ነው። በሚያዝያ 2024 ፊላደልፊያን 9 ለ 3 ባሸነፉበት ምሽት ሦስት ጎል አገባ። በቀጣዩ ዘመን 79 ጨዋታ፣ 18 ጎል፣ 51 ነጥብ። ሐተታው 50ና 51ን ጎን ለጎን አስቀምጦ ልጁ ቆሟል ይላል። እኔ ሌላ ሰው ጎን ላስቀምጠው እፈልጋለሁ።

የመጀመሪያዎቹ ሦስት ዓመት ጨዋታዎች ሲደመሩ ልክ 200 ይሆናሉ፤ 42 ጎል፣ 111 ነጥብ። በመጋቢት መጨረሻ 2025 ልጁ 21 ዓመት ሞላው። በ1983 ቫንኩቨር በ9ኛ ተራ የመረጠው ካም ኒሊ በዚያ ክለብ ሦስት ዓመት ሲቆይ 201 ጨዋታ ተጫውቶ 51 ጎልና 104 ነጥብ ነበረው። ጎሉ ከስላፍኮቭስኪ ይበልጣል፣ ነጥቡ ያንሳል፤ ያ ዘመን ደግሞ በየጨዋታው ከዛሬው በጣም ብዙ ጎል የሚገባበት ዘመን ነበር። በሦስተኛው ዓመት የኒሊ ጎል ከ21 ወደ 14 ሲወርድ ቫንኩቨሮች ተስፋ ቆረጡ። ሰኔ 6 ቀን 1986፣ 21 ዓመት በሞላው ዕለት፣ ከአንድ የመጀመሪያ ዙር ምርጫ ጋር ጨምረው በባሪ ፔደርሰን ለቦስተን ለወጡት። ቦስተን በገባበት ዓመት 36 አገባ። ኋላ በ1993–94 ጉልበቱ እያመመው በ44 ጨዋታ 50 ጎል የደረሰ ሰው ነው፤ ፓወር ፎርዋርድ የሚለው ቃል ሲነሣ መጀመሪያ የሚጠራውም የእሱ ስም ነው። ስላፍኮቭስኪ ኒሊ ይሆናል አላልኩም፤ እንደ ኒሊ ጀምረው መንገድ ላይ የቀሩ ብዙ ናቸው። የምለው በ21 ዓመቱና በ200 ጨዋታው የሚሰጥ የመጨረሻ ፍርድ ኒሊንም በሸኘው ነበር፣ እንዲያውም ሸኝቶታል፤ ይኼ ብቻ ነው።

ሞንትሪያልም ይህን ስህተት ራሷ ሠርታለች፣ ሰው ሁሉ የረሳው ይመስለኛል እንጂ። ጆን ለክሌር የሚባል ትከሻው ሰፊ የግራ አጥቂ ነበራት። ክለቡ እስከ ዛሬ የመጨረሻ የሆነውን ዋንጫ በ1993 ሲወስድ፣ ከሎስ አንጀለስ ጋር በተደረገው ፍጻሜ ሦስተኛውንና አራተኛውን ጨዋታ በጭማሪ ሰዓት ያሸነፉት በእሱ ጎሎች ነው። በመደበኛው ውድድር ግን በሁለት ተከታታይ ዘመናት 19፣ 19 ላይ ቆመ። በየካቲት 1995፣ ገና 25 ዓመቱ ሳለ፣ ማርክ ሬኪን ለማግኘት ከኤሪክ ዴጃርዳን ጋር ወደ ፊላደልፊያ ተሸኘ። ፊላደልፊያ ከኤሪክ ሊንድሮስና ከሚካኤል ሬንበርግ ጋር አሰለፈችው። ቀጥሎ የመጡት ሦስት ሙሉ ዘመናት 51፣ 50፣ 51 ጎል ናቸው። ሰውየው በአውሮፕላን ውስጥ አልተለወጠም። የተለወጠው ፐኩን የሚያቀብለው ሰው፣ የሚሰጠው ደቂቃ፣ ቁም የተባለበትም ቦታ ነው። ዕድሜያቸው የገፋ የሰፈራችን ሰዎች ይህን ልውውጥ ዛሬም ሲያነሡት ከንፈራቸውን ይመጣሉ።

ዘግይቶ መብሰል በዚህ ዘርፍ የተለመደ መሆኑን ለማየት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። የቡፋሎው አጥቂ ቴጅ ቶምፕሰን እስከ 2021 ድረስ በአንድም ዘመን ከ8 ጎል አላለፈም ነበር፤ ከዚያ 38፣ ቀጥሎም 47 አገባ። የዋሽንግተኑ ቶም ዊልሰን በመጀመሪያ ዓመቱ 82 ጨዋታ ተጫውቶ 3 ጎል፣ በቀጣዩ 4፣ ከዚያ 7፣ እንደገና 7 ነበር ያገባው። 31 ዓመት በሞላበት ዘመን፣ በ2024–25፣ 33 አገባ። ይህ ዊልሰን በሚያዝያ 2025 ዋሽንግተን ሞንትሪያልን በአምስት ጨዋታ ካሰናበተችበት የጥሎ ማለፍ ዙር የሚታወሰኝ በጎሉ አይደለም። በአራተኛው ጨዋታ፣ እዚሁ ሞንትሪያል፣ በክለቡ ሜዳ በቤል ሴንተር፣ ሞንትሪያል 2 ለ 1 እየመራ ሳለ የሞንትሪያሉን ተከላካይ አሌክሳንደር ካሪዬን ጥግ ላይ መትቶ ጣለው፤ ወዲያው አቻ ሆኑ፣ ጨዋታው በዋሽንግተን 5 ለ 2 አሸናፊነት አለቀ። የአቻነቱን ጎል ያገባው ሌላ ሰው ነው፣ በሬዲዮም የተጠራው የዚያ ሰው ስም ነው። እኔ ግን በሥራ ቦታዬ ትንሽ ስክሪን ላይ ሳየው ያ ጎል የማን እንደሆነ አልጠፋኝም። ስላፍኮቭስኪም በዚያው በረዶ ላይ ነበርና ትምህርቱን በነጻ አግኝቷል ብዬ እገምታለሁ።

ለሐተታው ጸሐፊ የምለቅለት ነገር አለ። በ2022 ሦስተኛ የተመረጠው ሎጋን ኩሊ በ2024–25 ለዩታ 25 ጎልና 65 ነጥብ አግኝቷል፤ በዚያ ዘመን ቁጥር ከሆነ ኩሊ ይበልጣል። ነገር ግን ኩሊ ትንሽና ፈጣን የመሀል አጥቂ ነው፣ እንዲህ ዓይነቱ ቀድሞ ይደርሳል፤ ገብስና ማሽላን በአንድ ወር አታጭዳቸውም። ከዚህ ይልቅ የስላፍኮቭስኪ እውነተኛ ጉድለት ሐተታው ያልነካው ነው። መምታት ሲገባው ያቀብላል። ግቡ ፊቱ ተከፍቶለት ሳለ ሱዙኪን የሚፈልግበት ጊዜ ብዙ ነው፤ ለአቀባይነቱ ያመሰገንኩት ዓይን እዚህ ላይ ይጎዳዋል። ደግሞም ወጥነት የለውም። አንድ ሳምንት ማንም አይችለውም፣ በቀጣዩ ሳምንት ሜዳ ላይ መኖሩን ለማረጋገጥ ቁጥሩን መፈለግ ያስፈልጋል። አሰልጣኙ ማርቲን ሴንት ሉዊ ቁመቱ 173 ሴንቲሜትር ገደማ የነበረ፣ በድራፍት ማንም ሳይመርጠው ቀርቶ ከ1,000 ነጥብ በላይ ያስመዘገበ ሰው ነው፤ ጉልበት ሳይኖር በሜዳ ላይ ቦታ ማግኘትን ከእሱ የበለጠ የሚያስተምር አላውቅም። ጉልበት እያለ ጉልበትን በየማታው መጠቀምን ማስተማር ግን ሌላ ሙያ ነው፤ በዚህ በኩል ያለኝ ስጋት ቀላል አይደለም።

ሐተታው ክለቡ በሐምሌ 2024 የፈረመለትን የ8 ዓመት ውል እንደ እብደት ቆጥሮታል። በዓመት 7.6 ሚሊዮን ዶላር፣ በድምሩ 60.8 ሚሊዮን፤ እውነት ነው፣ ትልቅ ገንዘብ ነው። ግን ውሉ የሚገዛው የትኞቹን ዓመታት እንደሆነ ይታይ። የሚጀምረው በ21 ዓመቱ ነው፣ የሚያበቃው በ29 ዓመቱ። የዚህ ዓይነት አጥቂ ገላ ቶሎ ያልቃል፤ ኒሊ በጉዳት ምክንያት ጫማውን የሰቀለው በ31 ዓመቱ ነው፣ ሊንድሮስንም ጭንቅላቱ ላይ የደረሱት ምቶች ቀድመው አስረጁት። ክለቦች ዘወትር የሚከስሩት ለ28 ዓመት ፓወር ፎርዋርድ እስከ 36 ዓመቱ ሲፈርሙለት ነው። እዚህ የተደረገው የዚያ ተቃራኒ ነው። በዚያ ላይ አንድ ክለብ በዓመት ለተጫዋቾቹ እንዲከፍል የሚፈቀድለት ጣሪያ በ2024–25 ከነበረበት 88 ሚሊዮን ዶላር በ2027–28 ወደ 113.5 ሚሊዮን እንደሚያድግ ሊጉ አስታውቋል። ደመወዙ ባለበት ቆሞ ጣሪያው ሲወጣ፣ 7.6 ሚሊዮን ከክለቡ ወጪ ውስጥ የሚይዘው ድርሻ በየዓመቱ ይቀንሳል። ልጁ በእነዚያ የ50ና የ51 ነጥብ ዓመታት በነበረበት ቢቀር እንኳ ዋጋው የሚያስለቅስ አይሆንም፤ ትንሽ ከጨመረ ደግሞ ርካሽ ነው።

ይህን ያህል የጻፍኩት ለስላፍኮቭስኪ ጥብቅና ለመቆም ብቻ እንዳልሆነ አንባቢ ይረዳልኝ። የእኛም ልጆች በዚህ ሚዛን እየተመዘኑ ነው። ጃሮም ኢጊንላ አባቱ ከናይጄሪያ የመጣ የኤድመንተን ልጅ ነው፤ በመጀመሪያ ዓመቱ 21 ጎል አግብቶ በሁለተኛው ወደ 13 ሲወርድ ክለቡ ካልጋሪ ታግሦት፣ በ2001–02 በ52 ጎልና በ96 ነጥብ ሊጉን በሁለቱም መርቷል። ኩዊንተን ባይፊልድ አባቱ ጃማይካዊ ነው፤ በ2020 በሁለተኛ ተራ ሲመረጥ ከጥቁር ተጫዋቾች ሁሉ በከፍተኛ ተራ የተመረጠ ሆነ። በመጀመሪያዎቹ 99 ጨዋታዎች ያገባው 8 ጎል ብቻ ነበር፣ ከሽፏል ያላለ አልነበረም፤ ቀጥሎ በመጡት ሁለት ዘመናት 20ና 23 አገባ። እኔ በምሠራበት ሜዳ አሁን አሁን የሐበሻ ልጆች አንድ ሁለት ብለው መታየት ጀምረዋል። ባለፈው ክረምት የአንዱ አባት መለማመጃው ሲያልቅ ዛምቦኒው አጠገብ መጥቶ አወጋኝ። የ13 ዓመት ልጁን የክለቡ አሰልጣኝ፣ ትልቅ ስለሆንክ ተከላካይ ሁን ብሎ ከአጥቂነት አውጥቶታል። ልጁ ከፐክ ጋር ምን ማድረግ እንደሚችል አንድም ቀን አልተጠየቀም፣ የተለካው ቁመቱ ነው። አባቱ ለጫማ፣ ለዱላና ለምዝገባ ያወጣውን ገንዘብ አልቆጨውም፤ የቆጨው ልጁ ከዚያ ወዲህ ልምምድ በሌለበት ቀን ሜዳ እንውረድ ማለቱን መተዉ ነው። እኔም ከበረዶ ማለስለሴ በፊት ያለችውን 10 ደቂቃ እሰጠዋለሁ አልኩት። እየመጣ ፐኩን አጥሩ ላይ ይመታል።

እንግዲህ ዝግጅት ክፍሉን የምጠይቀው ሁለት ነገር ነው። የ10 ጎሉ ስህተት በሚቀጥለው እትም 4 ጎል ተብሎ እንዲታረም፤ ጸሐፊውም ልጁ 400ኛ ጨዋታውን ሲያደርግ በዚሁ ዓምድ እንዲመለስበት። ሐተታውን ከጋዜጣው ቆርጬ ሥራ ቦታዬ ከዛምቦኒው ቁልፍ መስቀያ ጎን ለጥፌዋለሁ፤ 200/42/111 ብዬም ከግርጌው በእስክሪብቶ ጽፌበታለሁ።

ከታላቅ አክብሮት ጋር፣
አንድ አንባቢያችሁ
ከሞንትሪያል